ስለ ጓሳ ተራራ ማረፊያ ቤት

ሰው እንዲሠራ እንደ ታዘዘ ሁሉ እንዲያርፍም ታዝዟል። ከሳምንቱ ቀኖች አንዱ ለዕረፍት መለየቱ ዕረፍት ስንፍና አለመሆኑን ያስረዳል። ነገር ግን ዕረፍት ሁሉ አንድ ዐይነት አይደለም። በመጠጥና በጫጫታ የሚፈጸም ዕረፍት አለ፤ ከእርሱ የተመለሰ ሰው ሰኞ ጧት ወደ ሥራው ሲገባ ከዓርብ ማታ ይልቅ ደክሞ ይገኛል። ደግሞም እግርን በዳገት እያደከመ ልብን የሚያሳርፍ፥ ዐይንን ከግድግዳ አውጥቶ ወደ ሩቅ አድማስ የሚሰድድ ዕረፍት አለ። በዛሬው ጽሑፋችን የምንነጋገረው ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ነው፤ ይልቁንም በሰሜን ሸዋ፥ በመንዝ ምድር፥ በጓሳ ተራራ ላይ ባላገሩ ለእንግዳ ስላሰናዳው ማረፊያ ቤት ነው። ቤቱ ታናሽ ነው፤ በእርሱ ላይ የተንጠለጠለው ጉዳይ ግን ታናሽ አይደለም።

ተራራ ወጥቶ ማደር ለአገራችን ሰው ከባሕር ማዶ የመጣ ልማድ አይደለም። ቅዱሳን አባቶች ለጸሎት ተራራ መርጠዋል፤ ነገሥታትም ለሰፈር ተራራ መርጠዋል። ዛሬ «ከተማ» ብለን የምንጠራው ቃል እንኳ በቀድሞ ዘመን የንጉሥ ወይም የመኳንንት ሰፈር የሚተከልበትን ከፍ ያለ ቦታ ያመለክት ነበር። አዲስ አበባም ራሷ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ራስ ወደ ፍል ውሃ በተወረደ ጊዜ የተቆረቆረች የተራራ ልጅ ናት። አሁን በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ የሚኖርባት ይህች ከተማ ስትሰፋና ስትጨናነቅ፥ ልጆቿ ቅዳሜና እሑድን ከጭስና ከጩኸት ርቀው ለማሳለፍ መልሰው ወደ ተራራ መመልከታቸው የሚያስገርም አይሆንም። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀው የእንጦጦ ፓርክ ይህንኑ ፍላጎት አሳይቷል። እንጦጦ ግን ከከተማይቱ ራስጌ ያለ ስለ ሆነ የከተማይቱ መብራትና ድምፅ አይለየውም። ሌሊቱን በከዋክብት ብቻ ብርሃን ማሳለፍ የወደደ ሰው ራቅ ብሎ መሄድ ይገባዋል።

ጓሳ ከአዲስ አበባ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ተጓዡ በደብረ ብርሃን በኩል አልፎ፥ ጣልያን በወረራው ዘመን ካስቆፈረው ከጣርማ በር ዋሻ ሳይገባ ወደ ግራ ይታጠፍና ወደ መሐል ሜዳ በሚያደርሰው መንገድ ይጓዛል። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ያለው፥ ስፋቱም ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚደርስ የደጋ መስክ ነው። በምሥራቅ በኩል ምድሩ እንደ ተቆረጠ ሆኖ ወደ ቆላው በገደል ይወርዳል፤ በምዕራብ በኩል ግን የመንዝ ደጋ እርሻውን፥ የድንጋይ ቤቱንና የበጎቹን መንጋ ይዞ ይዘረጋል። በዚህ መስክ የሚወርደው ዝናብና የሚያርፈው ጉም በሣሩ ሥር ተጠራቅሞ ምንጭ ይሆናል፤ ከምንጩም ገሚሱ ወደ አዋሽ፥ ገሚሱ ወደ ዓባይ ይሄዳል። ስለዚህ ጓሳ የእንስሳት መኖሪያ ብቻ ሳይሆን የብዙ ሰው የውሃ ጎተራ ነው።

ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው። ጓሳ ረዥም፥ ቀጭን፥ ጠንካራ የደጋ ሣር ነው። የመንዝ ሰው በእርሱ ቤቱን ይከድናል፤ ገመድ ይገምድበታል፤ ከዝናብ የሚያስጠልል ጌሳ ይሠራበታል። በውርጭ አገር የሚኖር ሰው ቤቱ ካፈሰሰና ማገዶው ካለቀ ክረምቱን ሊወጣ አይችልም። የመንዝ በርኖስ ከበጉ ጠጕር እንደሚገኝ፥ የመንዝ ጣሪያም ከዚህ መስክ ይገኛል። ይህን ያነሣነው ለወሬ አይደለም። ለከተማ ሰው ለዐይን የሚያምር መስክ ብቻ መስሎ የሚታየው ነገር ለባላገሩ ጣሪያው፥ ገመዱ፥ ማገዶውና በድርቅ ጊዜ የከብቱ መጠጊያ መሆኑን ያላወቀ እንግዳ፥ የማን እንግዳ እንደ ሆነ አያውቅም።

እንግዲህ ይህ መስክ እስከ ዛሬ ድረስ ሳይታረስና ሳይራቆት የቆየበትን ምክንያት መመርመር ያስፈልጋል። በአገሩ እንደሚተረከው፥ አስቦና ጌራ የተባሉ የመንዝ አቅኚ አባቶች በ17ኛው መቶ ዓመት ግድም ይህን ምድር ለሣርና ለግጦሽ ለይተው ወሰኑ፤ ድንበሩንም በፈረስ ግልቢያ ተካፈሉ። ከዚያም ወዲህ የአስቦ ጓሳና የጌራ ጓሳ እየተባለ ለልጅ ልጆቻቸው አጽመ ርስት ሆኖ ኖረ። የሚጠበቅበትም ሥርዓት ቄሮ ይባል ነበር። በየወገኑ አባ ቄራ የሚባል አለቃ በባላርስቶቹ ይመረጣል፤ እርሱም ከሽማግሎች ጋራ ሆኖ መስኩን ይዘጋል፥ ይከፍታል፥ አጥፊውንም ይቀጣል። መስኩ አንድ ጊዜ ከተዘጋ 3 ዓመት፥ አንዳንድ ጊዜም 5 ዓመት ያህል ማጭድ ሳይገባበት ይቆያል። ሣሩ ሲደርስ በበጋው ወራት ይከፈታል፤ በመጀመሪያ ሣሩ ይታጨዳል፥ ቀጥሎ ከብት ይገባል። ክረምቱ ሲገባ ሐምሌ 5 ቀን፥ የሐዋርያት ጾም በሚፈታበት በቅዱሳን ጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል፥ እንደ ገና ይዘጋል።

ካህናት አንባቢዎቻችን ይህን ነገር ልብ እንዲሉት እንለምናለን። ሕጉን በብራና የጻፈ ጸሐፊ አልነበረም፤ ማኅተም ያተመበት ሹምም አልነበረም። የተጻፈው በበዓላት መቍጠሪያ ላይ ነው። ማንበብ የማይችለው እረኛ እንኳ የሐዋርያት ጾም መቼ እንደሚፈታ ስለሚያውቅ ጓሳ መቼ እንደሚዘጋ ያውቅ ነበር። የዛሬ ዘመን ሊቃውንት በብዙ መጽሐፍ የሚያስተምሩትን፥ ይኸውም የጋራ ሀብት ያለ ሥርዓት ከተተወ እንደሚጠፋ፥ ሥርዓት ካለው ግን ለብዙ ትውልድ እንደሚተርፍ፥ የመንዝ ገበሬ በአንድ የበዓል ቀን አጠቃልሎ ይዞት ነበር።

ሥርዓቱ ግን ጉድለት አልነበረበትም ማለት አይደለም። ከአስቦና ከጌራ ዘር ያልተወለደ ሰው ከመስኩ ድርሻ አልነበረውም። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ሲወጣ፥ ይህ የትውልድ ልዩነት ተሻረ፤ መሻሩም በፍትሕ መንገድ ሲታይ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ከልዩነቱ ጋራ ጥበቃውም አብሮ ፈረሰ። አባ ቄራው ሥልጣኑን አጣ፤ መስኩ ሁልጊዜ የተከፈተ ሆነ፤ ሣሩ ሳይደርስ ይታጨድ፥ ቍጥቋጦውም ለማገዶ ይነቀል ጀመር። ሁሉም የሚወስድበት፥ ማንም የማይጠብቀው ሀብት ፍጻሜው ምን እንደ ሆነ ባላገሩ በዐይኑ አየ። ስለዚህም በየቀበሌው ከሚኖሩት መካከል እንደራሴዎች መርጦ የጥበቃ ኮሚቴ አቋቋመ፤ የቀድሞውን ሥርዓት ጠቃሚ ክፍል መልሶ አነሣ። በዚህ ጊዜ ግን መብቱ የዘር ሳይሆን በአካባቢው የሚኖር ሕዝብ ሁሉ ሆነ። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ግድምም ቦታው የመንዝ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ በክልሉ መንግሥት ዘንድ በሕግ ታወቀ። አሮጌው ሥርዓት ከነፍትሑ ታድሶ መነሣቱ፥ ሕዝብ ያባቶቹን ጥበብ ሳይጥል ስሕተታቸውን ብቻ ሊያርም እንደሚችል የሚያስረዳ ትልቅ ምሳሌ ነው።

የማረፊያው ቤት የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የፍራንክፈርት የሥነ እንስሳት ማኅበር በሰጠው ርዳታ ጥቂት መኝታ ክፍሎች፥ ማብሰያ ቤትና እሳት የሚሞቁበት ክፍል ያለው ቤት ተሠራ፤ ድንኳን ለሚተክሉም ቦታ ተለየ። ባለቤቱ የጓሳ ማኅበረሰብ ነው። እንግዳው የሚበላውን ከከተማ ይዞ ይመጣል፤ ራሱ ያበስላል፤ መሪ የሚሆነውንና ጭነት የሚሸከመውን ፈረስ ወይም በቅሎ ከአገሩ ሰው ይከራያል። ዐሳቡም ከእንግዳ የሚገኘው ገንዘብ ለጥበቃውና ለባለቤቱ ሕዝብ እንዲጠቅም ነው። ይህ ሁሉ ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም በውስጡ አንድ ታላቅ ነገር አለ። ባላገሩ ሣሩን ሳያጭድ፥ ዛፉን ሳይቆርጥ፥ አውሬውን ሳይገድል ከተራራው ገንዘብ የሚያገኝበት በር የተከፈተው በዚህ ቤት ነው።

እንግዳው ምን ያያል ቢባል፥ በሌላ ዓለም የማይገኘውን ያያል እንላለን። ቀይ ቀበሮ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚኖር አውሬ ሲሆን በአገሩ ሁሉ ተቈጥሮ ከ500 የማይበልጥ ነው፤ ከመኖሪያዎቹም አንዱ ጓሳ ነው። ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት ያለበት፥ ሣር ግጦ የሚኖረው ጭላዳ ዝንጀሮም እንዲሁ ከኢትዮጵያ ውጭ አይገኝም። እነዚህ ሁለቱ በጓሳ መስክ እንዴት አብረው እንደሚውሉ ተመራማሪዎች ለብዙ ጊዜ ተመልክተው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 አንድ ጥናት አውጥተዋል። ቀይ ቀበሮው ብቻውን ሆኖ አይጥ ሲያድን ከ100 ሙከራ የሚሳካለት 25 ያህሉ ብቻ ሲሆን፥ በጭላዳዎቹ መንጋ መካከል ሆኖ ሲያድን ግን 67 ያህሉ ይሳካለታል። ይህንንም ጥቅም የሚያገኘው የጭላዳዎቹን ግልገሎች ስለማይነካና በመካከላቸው ረጋ ብሎ ስለሚመላለስ ነው። መንጋው አያባርረውም፤ እርሱም መንጋውን አይጎዳም። ከዚህ ይልቅ ለእንግዳ የሚሆን ትምህርት አናውቅም። በሰው አገር ረጋ ብሎ የገባ፥ የባለቤቱንም ልጆች ያልነካ፥ ብቻውን ከሚያገኘው የበለጠ አግኝቶ ይመለሳል።

በተራራ ላይ የማደሪያ ቤት ነገር በሌሎች አገሮች ረዥም ታሪክ አለው። በስዊስ አገር የተራራ ወዳጆች ማኅበር በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1863 ተመሥርቶ ዛሬ 150 ያህል ማደሪያ ቤቶች በበረዷማ ተራሮች ላይ አሉት። የኖርዌይ ማኅበር በ1868 ተመሥርቶ ቤቶቹ ከ500 በላይ ሆነዋል። ከኖርዌይ ቤቶች ብዙዎቹ ዘበኛ የላቸውም፤ የማኅበሩ አባል አንድ ዐይነት ቁልፍ ይዞ ይገባል፥ ከጓዳው የበላውን በመዝገብ ጽፎ ይከፍላል፥ እንጨት ፈልጦና ቤቱን ጠርጎ ለሚመጣው ይተዋል። እነዚህ አገሮች ባለጸጎች ናቸው፤ በየተራራው ላይ ትልልቅ ሆቴል መሥራት አቅቷቸው አይደለም። ተራራው ተራራ ሆኖ እንዲቆይ፥ ድኻውም ተማሪ ባለጸጋውም ነጋዴ በአንድ ምድጃ ዙሪያ እንዲቀመጡ ስለ ፈለጉ ነው እንጂ። በጎረቤታችን በኬንያ ደግሞ በላይኪፒያ የሚኖሩ የማሳይ ሰዎች በ1996 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኢል ንግዌሲ የተባለውን ማረፊያ ከፍተው የገዛ ምድራቸውን አውሬ እየጠበቁ በገቢው ተጠቅመዋል።

ከአገራችንም ሁለት ምሳሌ እንጨምር። በሰሜን ወሎ በመቄት ደጋ፥ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ውስጥ ገበሬዎች በገደል አፋፍ ላይ የእንግዳ ጎጆዎች ሠርተው፥ እግረኛውን ከጎጆ ወደ ጎጆ እየመሩ ማሳደር ጀመሩ። ገንዘቡ ጎጆውን ለሠራው መንደር የሚተርፍ በመሆኑ ገበሬው እንግዳውን እንደ ራሱ ጉዳይ ይጠብቀው ነበር። በሌላ ወገን የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አለ። በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ የሆነው ይህ ታላቅ ቦታ በ1989 ዓ.ም. አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ ከዚያ መዝገብ የወጣው ከብዙ ድካም በኋላ በ2009 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በ2008 ዓ.ም. በፓርኩ ውስጥ የነበሩት የግጭ መንደር ሰዎች ወደ ሌላ ስፍራ ተዛውረዋል። የፓርኩን ጥቅም የሚክድ የለም፤ ቢሆንም ጥበቃ ከላይ ሲመጣና ሕዝቡ በመጨረሻ ሲጠራ ዋጋው ምን ያህል እንደሚከብድ ያሳያል። በጓሳ ግን ጥበቃው የተወለደው ከሕዝቡ ነው፤ መንግሥት የመጣው አባት ሆኖ ሊመርቅ ነው። ይህን የሚያህል ዕድል ያገኘ ቦታ በአገራችን ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንመጣለን። በዘመናችን በልዩ ልዩ የአገራችን ክፍሎች ትልልቅ ማረፊያዎች ተሠርተዋል፤ በወንጪ፥ በጎርጎራና በኮይሻ የተሠራው ሥራ ለሁሉ የታየ ነው። ስለዚህ አንዳንድ ሰዎች፥ ይልቁንም ለሰሜን ሸዋ ዕድገት የሚያስቡ፥ «ጓሳም ለምን እንዲህ ያለ ሕንፃ አይሠራበትም? በጥቂት መኝታ የሚገኝ ገንዘብ ለማን ይበቃል? ወጣቱ ሥራ ይፈልጋል፤ ባለሀብት ይግባ» ይላሉ። ዐሳባቸው በክፉ ልብ የመጣ አይደለምና በንቀት ሊመለስ አይገባም። የመንዝ መሬት ጠባብ፥ ብርዱም ከባድ ነው፤ ወጣቱ እንጀራ ፍለጋ ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ አዲስ አበባ ይወርዳል። ሥራ ያስፈልጋል መባሉ እውነት ነው።

ነገር ግን ሦስት ነገር መመዘን ይገባል። አንደኛው፥ ትልቅ ሕንፃ ብዙ ውሃና ብዙ ማገዶ ይጠይቃል። በ3,000 ሜትር ላይ ሌሊቱ በረዶ በሚሆንበት ስፍራ አንድ መቶ ሰው ለማሞቅ የሚነደው እንጨት ከየት ይመጣል? ለመታጠቢያውስ የሚጠለፈው ምንጭ የማን ምንጭ ነው? ሁለተኛው፥ የባለሀብት ሕንፃ ትርፉ ወደ ባለሀብቱ መሄዱ የታወቀ ነው፤ ለባላገሩ የሚተርፈው የዘበኛና የጽዳት ደመወዝ ሲሆን፥ ትናንት ባለቤት የነበረው ዛሬ ተቀጣሪ ይሆናል። የጥበቃው ሥር ደግሞ ባለቤትነት ነው። ገበሬው ጓሳ የእርሱ አለመሆኑን ያወቀ ቀን፥ ሌሊት ማጭዱን ይዞ እንዳይገባ የሚከለክለው ምን ይቀራል? ያን ጊዜ መቶ ዘበኛ ቢቀጠርም የ1967ቱ ማግስት ይመለሳል። ሦስተኛው፥ ከከተማ የሚመጣው እንግዳ የሚፈልገው በከተማ ያለውን አይደለም። የሙዚቃ መሣሪያውንና የመብራቱን ድምቀት በአዲስ አበባ ትቶት መጥቷል። የጓሳ ሀብት ጸጥታው ነው፤ ጸጥታም እንደ መስታወት አንድ ጊዜ ከተሰበረ አይገጠምም።

ስለዚህ ምክራችን ይህ ነው። ትልልቁ ማረፊያ የሚገባው በደብረ ብርሃን፥ በመሐል ሜዳና በሌሎቹ ከተሞች ይሠራ፤ ሥራ የሚፈጠረውም ገበያ ባለበት ነውና። በተራራው ላይ ግን ታናሹ ቤት ይጠንክር። መኝታው ቢጨመር እንኳ የሚጨመረው ጎጆ የአንድ ባለሀብት ሳይሆን የየመንደሩ ይሁን፤ ከጥብቅ ሥፍራው ዳር ዳር፥ ከመንዝ አንሥቶ ወደ ግሼ በሚወስደው አፋፍ ላይ፥ አንድ እግረኛ በአንድ ቀን የሚደርስበት ርቀት እየተለካ ይሠራ። ያን ጊዜ እንግዳው ሁለትና ሦስት ሌሊት ያድራል፤ ገብስ ያለው ገብሱን፥ ማር ያለው ማሩን፥ በርኖስ የሚሠራውም በርኖሱን ይሸጥለታል። ለአንድ ቤት የነበረው ጥቅም ለብዙ መንደር ይሆናል፤ ጥበቃውም በዚያው ልክ ይሰፋል።

እንግዳ ከጥቅሙ ጋራ ጉዳትም ሊያመጣ እንደሚችል መዘንጋት የለበትም። ከሁሉ የሚበልጠው ፍርሃት የውሻ በሽታ ነው። በባሌ ተራሮች በ1995 ዓ.ም. መጨረሻና በ1996 ዓ.ም. ከውሾች የመጣ የእብደት በሽታ ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። ስለዚህ ማንም ጎብኚ ውሻ ይዞ ወደ ጓሳ እንዳይወጣ፥ የባላገሩም ውሾች እንዲከተቡ ማድረግ ለጥበቃው ግንባር ቀደም ሥራ ነው። ሁለተኛው እሳት ነው፤ በበጋ የደረቀ ጓሳ ከአንድ ያልጠፋ ፍም ተነሥቶ ሊጋይ ይችላል፤ 3 ዓመት የተጠበቀውም በአንድ ከሰዓት በኋላ ያልቃል። ሦስተኛው ላስቲክና ቆርቆሮ ነው፤ የጣለው ሰው በሁለተኛው ቀን ይሄዳል፥ የተጣለው ግን ለልጅ ልጅ ይቀመጣል።

ይሁን እንጂ ከውሻውም ከእሳቱም ይልቅ ለማረፊያው ቤት ጠላት የሆነው የሰላም መጥፋት ነው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሰሜን ሸዋ ደርሶ የመንዝን ሕዝብ አስጨነቀ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮም በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት መንገዱን አስፈሪ፥ ጎብኚውን ጥቂት አደረገው። እንግዳ ሲቀር ገንዘብ ይቀራል፤ የገንዘብ መቅረት ደግሞ ጠባቂውን ያስርበዋል። ባላገሩ ግን ሣሩንና አውሬውን ለእንግዳ ብሎ አልጠበቀም፤ ከእንግዳው በፊት ለብዙ ትውልድ ጠብቋልና። ሆኖም በችግር ዘመን የጠባቂው ምሽት ስትራብ፥ የእርሻው መሬት ሲጠብብና ማገዶው ሲያልቅ፥ ተራራውን «ቆይ» ብሎ ማስታገሥ እየከበደ ይሄዳል። ስለዚህ ሰላም ለከተማ ሰው የመዝናኛ ጉዳይ ቢመስለውም ለጓሳ የመኖርና ያለመኖር ጉዳይ ነው። ወንድማማቾች በንግግር የሚስማሙበት፥ መንገዱም ለነጋዴውና ለሕመምተኛው አስቀድሞ፥ ቀጥሎም ለእንግዳው የሚከፈትበት ቀን እንዲቀርብ ሁሉ በየድርሻው ሊደክም ይገባል።

ለሹማምንት የምንለው አለን። የማኅበረሰቡ ገቢ የወረዳ ግምጃ ቤት ጉድለት መሙያ እንዳይሆን ይጠንቀቁ፤ ለጥበቃ የተባለው ለጥበቃ ይዋል፥ ሒሳቡም በሕዝብ ፊት ይነበብ። እንግዳ በጠፋበት ዘመን የጠባቂዎቹ ደመወዝ እንዳይቋረጥ በጀት የሚያዝበትን መንገድ ይፈልጉ፤ ለውሃው የሚከፈል ዋጋ ነው ብለው ይቍጠሩት እንጂ ምጽዋት አያድርጉት። ደግሞም ስለ ደጋው መሬት በአዲስ አበባና በባሕር ዳር አዳራሽ ከመወሰን አስቀድሞ፥ መንገዱ ሲፈቅድ አንድ ሌሊት በዚያ ታናሽ ቤት ያድሩ፤ በውርጩ ያደረ ሹም ስለ ማገዶ የሚወስነው ውሳኔ በሞቀ ክፍል ከተወሰነው የተለየ ይሆናል።

ለካህናትም እንዲሁ። የቀድሞው ሕግ በጾምና በበዓል ላይ የተተከለ ስለ ነበረ፥ አሁንም ጠባቂው ከመሣሪያው ይልቅ የእናንተን ቃል ይሻል። በሐምሌ 5 ቀን ቅዳሴ ሲፈጸም፥ መስኩ የሚዘጋበት ቀን እንደ ነበረ ለወጣቱ ንገሩት። የቤተ ክርስቲያኑን ቅጽር ዛፍ መጥረቢያ እንዳይነካው ያስቻለው ፍርሃተ እግዚአብሔር እስከ ጓሳ ሣር ድረስ እንዲዘረጋ አስተምሩ። አብርሃም በመምሬ ድንኳኑ ደጅ እንግዶችን እንደ ተቀበለ የምታስተምሩት እናንተ ናችሁና፥ እንግዳ ሲመጣ እንዳይበዘበዝ፥ እርሱም አገሩን እንዳይበድል ሁለቱን ወገን ምከሩ።

ለከተማው ሰው የምንለው አጭር ነው። ሰላም ሆኖ መንገዱ ሲከፈት ወደ ጓሳ ውጣ። ወፍራም ልብስህን፥ ስንቅህንና ማገዶህን ይዘህ ውጣ፤ የባላገሩን ቍጥቋጦ አትንቀል። ከ3,000 ሜትር በላይ ትንፋሽ ያጥራልና አትቸኩል። መሪህን አክብር፤ ሽማግሌ ቢሆን አባቴ፥ ወጣት ቢሆን ወንድሜ በለው፤ ለድካሙ የሚገባውን ያለ ክርክር ክፈለው። ሌሊት ወጥተህ ሰማዩን ስታይ፥ ይህ ጸጥታ እንዲሁ የተገኘ ሳይሆን ለብዙ ትውልድ «ዛሬ አላጭድም፥ ለከርሞ ይቆይ» ባሉ ድኾች ገበሬዎች ትዕግሥት የተገዛ መሆኑን አስብ።

የጓሳ ማረፊያ ቤት እንግዲህ ሊመዘን የሚገባው በአልጋው ብዛት አይደለም። አስቦና ጌራ የተከሉት፥ አባ ቄሮች የጠበቁት፥ ከ1967 ዓ.ም. በኋላም ባላገሩ በገዛ ፈቃዱ መልሶ ያነሣው ሕግ በዚያ ቤት ደጃፍ ይጸናል ወይስ ይላላል ተብሎ ሊመዘን ይገባል። ሕጉ ከጸና ቤቱም ይጸናል፤ ሣሩ፥ ምንጩ፥ ቀይ ቀበሮውና ጭላዳውም ይኖራሉ። ሕጉ ከላላ ግን የቱንም ያህል ያማረ ሕንፃ ቢቆም፥ እንግዳው በመስኮቱ የሚያየው የተራቆተ ኮረብታ ይሆናል። እግዚአብሔር ለአገራችን ሰላሙን፥ ለሹማምንቷ ማስተዋልን፥ ለመንዝም ባላገር የትዕግሥቱን ዋጋ ይስጥ።